ጥፋቱ የመጋዘን ጠባቂው ነው ወይስ የፕሮግራሙ?

በንግድ ሥራ ላይ የሚገኝ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ሚዛን ሳይፈተሽ ቡና አይመዘንም፤ መዝገብም ሳይመረመር ዓመት አይዘጋም። ገንዘብ ያዡ የቱንም ያህል ታማኝ ቢሆን ካዝናው በሌላ ሰው ፊት ይቈጠራል። መጋዘን ጠባቂውም የቱንም ያህል ትጉህ ቢሆን በእጁ ያለው ዕቃ በቆጠራ ይረጋገጣል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ሰውን ለማዋረድ ሳይሆን፣ ምርመራ የሌለበት እምነት ዕድሜው አጭር ስለ ሆነ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግም ነጋዴው የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ደንግጎ ነበር።

ይሁን እንጂ ዛሬ በብዙ የንግድ ቤቶች ውስጥ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ የሚሠራ፣ ነገር ግን ማንም የማይመረምረው አንድ ሠራተኛ አለ። እርሱም በዋናው ቢሮ ኮምፒዩተር ውስጥ የተቀመጠ፣ ከሱቆቹ የሚመጣውን ጥያቄ እየተቀበለ ዋጋና የዕቃ መጠን የሚናገር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ይህን ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ አንድ ወጣት ባለሙያ በጥቂት ቀናት ይጽፈዋል፤ ከተጻፈም በኋላ ሥራው ስለ ተቃና ብቻ ማንም ገልጦ አያነበውም። ስሕተት በተገኘ ጊዜ ግን ጣት የሚቀሰረው በፕሮግራሙ ላይ ሳይሆን በባንኮኒው ላይ በቆመው ሻጭ ወይም በመጋዘን ጠባቂው ላይ ነው። መኪና አይዋሽም የሚል እምነት በብዙዎች ዘንድ አድሮአልና።

መኪና በርግጥ አይዋሽም፤ የተጻፈለትን ብቻ ይፈጽማል። የተጻፈለት ነገር የተሳሳተ እንደ ሆነ ግን ስሕተቱን ያለ አንዳች እፍረት በየቀኑ ይደጋግመዋል። ስለዚህ የነጋዴው ጥያቄ መሆን የሚገባው «ፕሮግራሙ ይሠራል ወይ?» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ከጸሐፊው ሌላ ማን አነበበው?» የሚለው ጭምር ነው።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንድ የሕንጻ ዕቃ አስመጪ በቃሊቲ መጋዘን፣ በመርካቶም ሦስት ሱቆች አሉት እንበል። በዋናው ቢሮ ያለው ፕሮግራም አርባ መስመር ያህል ሲሆን፣ የተጻፈበት ቋንቋ ፐርል ይባላል። ፐርል የቋንቋ ጥናት የተማረው አሜሪካዊ ላሪ ዎል እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የፕሮግራም ቋንቋ ነው። ጽሑፍን ለመለየትና ዘገባ ለማዘጋጀት እጅግ የተመቸ በመሆኑ በ1990ዎቹ ዓመታት በድረ ገጽ ሥራ ላይ በሰፊው ተሠራበት፤ ዛሬም አዳዲስ እትሞቹ ይወጣሉ። አንዱን ነገር በብዙ መንገድ ለመጻፍ መፍቀዱ ለጸሐፊው ምቾት ነው፤ ከእርሱ በኋላ ለሚያነበው ሰው ግን ድካም ነው።

የፕሮግራሙ አሠራር ከባንክ መስኮት ጋር ይመሳሰላል። በመጀመሪያ ፖርት የሚባል አንድ የመስኮት ቁጥር ይይዛል፤ ቀጥሎ መስኮቱን ከፍቶ ደንበኛ ይጠብቃል፤ ደንበኛ ሲመጣ ይቀበለዋል፤ ጥያቄውን አንድ መስመር ያነባል፤ መልሱን ይሰጣል፤ በመጨረሻም አሰናብቶት ወደ መጠበቁ ይመለሳል። ሻጩ የዕቃውን ቁጥር፣ ለምሳሌ 417ን ይልካል፤ ፕሮግራሙም የቆርቆሮውን ዋጋና በመጋዘን የቀረውን ብዛት ይመልሳል። በዚህ ቀላል በሚመስል ሥራ ውስጥ መርማሪ ዓይን ያላቸው ሰዎች የሚያውቋቸው ጥፋቶች ተደብቀው ይገኛሉ።

1ኛ፤ የስም ስሕተት ነው። በቀድሞው የመዝገብ አያያዝ አንድ ጸሐፊ የደንበኛውን ስም አንድ ፊደል አሳስቶ ቢጽፍ ባዶ የሆነ አዲስ ሒሳብ ተከፈተ ማለት ነው፤ የደንበኛው ዕዳ በአንዱ ገጽ፣ ክፍያው በሌላው ገጽ ይቀራል። ፐርልም ጥብቅ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር እንዲሁ ያደርጋል። ጸሐፊው ዋጋውን በአንድ ስም አስቀምጦ በሌላ ቦታ ስሙን አንድ ፊደል ቢያሳስት፣ ፐርል ስሕተት ነው ብሎ አይቆምም፤ በተሳሳተው ስም አዲስ ባዶ ቦታ ይከፍታል፤ ባዶውንም በሒሳብ ጊዜ እንደ ዜሮ ይቈጥረዋል። በዚህ ምክንያት ቅናሽ ለሚገባው ደንበኛ ዋጋው ዜሮ ሆኖ ይታያል። ሻጩ በታየው ዋጋ ቢሸጥ ይወቀሳል፤ ባይሸጥም ደንበኛው ይቀየማል። መድኃኒቱ ግን ሁለት መስመር ብቻ ነው። «ስትሪክት» የተባለው ትእዛዝ በፕሮግራሙ ራስ ላይ ቢጻፍ ያልታወጀ ስም የያዘው ፕሮግራም ገና ከመነሻው ሥራ አልጀምርም ይላል፤ «ዋርኒንግስ» የተባለውም ቢጨመር ባዶ ነገር ወደ ሒሳብ በገባ ቁጥር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። እነዚህ ሁለት መስመሮች የሌሉበትን ፕሮግራም የሚቀበል ነጋዴ፣ ማኅተም የሌለበትን ሚዛን ከሚቀበል ነጋዴ አይለይም።

2ኛ፤ የማይታየው ፊደል ነው። ከሦስቱ ሱቆች አንዱ አዲስ ኮምፒዩተር ገዛ እንበል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከዚያ ሱቅ ለሚላከው ጥያቄ ሁሉ ፕሮግራሙ «ዕቃው የለም» እያለ ይመልሳል። ደንበኛው ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ባለቤቱ መዝገቡን ሲያይ ቆርቆሮው አለ፤ ሱቁ ግን የለም ተብያለሁ ይላል። እንግዲህ ጥርጣሬው ወደ መጋዘን ጠባቂው ይዞራል፤ ዕቃ ይሸሽጋል፣ ለሌላ ይሸጣል የሚል ሐሜት ይነሣል።

የነገሩ ምሥጢር ግን በጽሕፈት መኪና የሠራ ሰው ሊረዳው የሚችል ነው። በጽሕፈት መኪና አንድ መስመር ሲያልቅ ሁለት ነገር ይደረጋል፤ ይኸውም ጋሪው ወደ መነሻው ይመለሳል፣ ወረቀቱም አንድ መስመር ከፍ ይላል። ኮምፒዩተሮችም እነዚህን ሁለት ድርጊቶች በሁለት የማይታዩ ምልክቶች ይጽፏቸዋል፤ የጋሪው መመለስ ቁጥሩ 13፣ አዲሱ መስመርም ቁጥሩ 10 ነው። በዩኒክስ ሥርዓት የሚሠሩ መኪናዎች መስመርን በ10 ብቻ ሲዘጉ፣ በዊንዶውስ የሚሠሩት በ13ና በ10 ይዘጋሉ። በፐርል ውስጥ የመስመሩን መዝጊያ የሚቈርጠው «ቾምፕ» የተባለው ትእዛዝ እንደ ወትሮው 10ን ብቻ ቈርጦ 13ን ይተዋል። እንግዲህ ፕሮግራሙ የሚፈልገው 417ን ሳይሆን 417ንና አንድ የማይታይ ምልክትን ነው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ደግሞ በመዝገቡ ውስጥ የለም። ይህን ጥፋት መስኮቱን በማየት ብቻ ማግኘት አይቻልም፤ የመጣውን ጥያቄ ፊደል በፊደል በቁጥር አስጽፎ መመልከት ያስፈልጋል። ይህንንም አንድ ልምድ ያለው መርማሪ በጥቂት ጊዜ ይጨርሰዋል፤ የመጋዘን ጠባቂው ስም ግን አንድ ጊዜ ከጠፋ በኋላ በቀላሉ አይመለስም።

3ኛ፤ አንድ ደንበኛ ሌሎቹን የሚያስቀርበት ጥፋት ነው። ከላይ የተነገረው ፕሮግራም በአንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ ብቻ ያስተናግዳል። ከሱቆቹ አንዱ መስመሩን ከከፈተ በኋላ ጥያቄውን ሳይልክ መብራት ቢጠፋበት፣ የመሰናበቻ ቃል ስላልላከ ፕሮግራሙ መሄዱን አያውቅም፤ ጥያቄውን እየጠበቀ ይቀመጣል። ሌሎቹ ሁለት ሱቆች መልስ ያጣሉ። ለዚህ ሁለት መፍትሔ አለ። አንደኛው የመጠበቂያ ጊዜ መወሰን ነው፤ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ያልተናገረ ደንበኛ ይሰናበታል። ሁለተኛው «ፎርክ» በተባለው ትእዛዝ ፕሮግራሙ ራሱን እያባዛ ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ልጅ እንዲሰጠው ማድረግ ነው።

ዳሩ ግን አንዱ መድኃኒት ሌላ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ሥራውን የጨረሰ ልጅ በወላጁ ካልተጠራ በቀር ስሙ ከኮምፒዩተሩ መዝገብ አይሰረዝም፤ ባለሙያዎቹ እንዲህ ያለውን «ዞምቢ» ይሉታል። እነዚህ እየበዙ በሄዱ ጊዜ መዝገቡ ሞልቶ አዲስ ልጅ መፍጠር ያቅታል። ይህን ለማስተካከል ጸሐፊው የልጁን መሞት የሚያበሥር ደወል ይጨምራል። ደወሉ ግን ወላጁ አዲስ ደንበኛ በሚጠብቅበት ሰዓት ሲደወል ጥበቃውን ያቋርጠዋል፤ ፕሮግራሙም የተቋረጠውን ጥበቃ እንደ ሥራ መጨረሻ ቈጥሮ ያለ አንዳች ቃል ሊዘጋ ይችላል። እንግዲህ ጠዋት የመጀመሪያውን ደንበኛ አስተናግዶ ሱቁን የሚዘጋ ሠራተኛ ተገኘ ማለት ነው። ይህን የሚያውቅ መርማሪ ግን፣ ጥበቃው በደወል ብቻ የተቋረጠ እንደ ሆነ ፕሮግራሙ ወደ መስኮቱ እንዲመለስ ያዝዘዋል።

ከልጆቹ መብዛት ሌላም ችግር ይወለዳል። በመጋዘን አሥር ቆርቆሮ ብቻ ቀርቶ ሳለ ሁለት ሱቆች በአንድ ቅጽበት ቢጠይቁ፣ ሁለቱ ልጆች አሥሩን አንብበው ለሁለቱም «አለ» ብለው ይመልሳሉ፤ አንዱ ዕቃ ለሁለት ደንበኛ ይሸጣል። ይህንን ለመከላከል አንደኛው መዝገቡን በያዘ ጊዜ ሌላው እንዲጠብቅ የሚያደርግ «ኤፍሎክ» የሚባል ቍልፍ በፐርል አለ። አንድን መዝገብ ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ ጊዜ እንዳይጽፉበት ማድረግ ለነጋዴ አዲስ ትምህርት አይደለም።

4ኛውና ከሁሉ የሚከፋው እንግዳን ያለ ጥያቄ ማመን ነው። ፕሮግራሙ ሻጩ የላከውን ቃል እንዳለ ወስዶ በዚያ ስም ፋይል የሚከፍት ከሆነ፣ ሻጭ ያልሆነ ሰው ሌላ ቃል ሊልክለት ይችላል። በቀድሞው የፐርል አጻጻፍ፣ የፋይሉ ስምና የአከፋፈቱ ዓይነት በአንድነት ሲሰጡ፣ በስሙ መጨረሻ ላይ አንዲት ቀጥ ያለች ሰረዝ ብትጨመር ፐርል ስሙን እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ትእዛዝ ቈጥሮ ይፈጽመዋል። ይህም ማለት እንግዳው በመስኮቱ በኩል እጁን አስገብቶ ካዝናውን እንዲከፍት ፈቃድ ማግኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው 5.6 የተባለው እትም ስምንና አከፋፈትን ለይቶ መስጠትን ፈቅዶአል፤ ከዚህም በላይ ከውጭ የመጣን ቃል ሳይጣራ ለአደገኛ ሥራ እንዳይውል የሚከለክል የጥንቃቄ ሁኔታ በፐርል ውስጥ አለ። የዕቃ ቁጥር አኀዝ ብቻ መሆኑ የታወቀ ስለ ሆነ፣ ከአኀዝ ሌላ ነገር የያዘ ጥያቄ በደጃፉ ላይ መመለስ አለበት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ከዚህ ይልቅ የሚስማማው ስፍራ የለም።

ይህ ሥጋት የትንሽ ፕሮግራም ብቻ አይደለም። ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል የተባለውና በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ኮምፒዩተሮች ምሥጢራቸውን የሚጠብቁበት ፕሮግራም፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው እትሙ ውስጥ አንድ ጥፋት ገብቶበት እስከ ሚያዝያ 2014 ድረስ ለሕዝብ ሳይገለጥ ቆይቶአል። «ሃርትብሊድ» የተባለው ይህ ጥፋት ለማስረዳት ቀላል ነው። ደንበኛው አንድ ከረጢት አስቀምጦ «ስልሳ አራት ሺህ ከረጢት አስቀምጫለሁና መልሱልኝ» ቢል፣ ፕሮግራሙ የተቀመጠውን ሳይቈጥር ከሌሎች ሰዎች ንብረት እየጨመረ ይሰጠው ነበር። የጎደለው የተነገረውን መጠን ከመጣው መጠን ጋር ማስተያየት ብቻ ነበር። ይህን ደግሞ ማንኛውም የመጋዘን ጸሐፊ በየቀኑ ያደርገዋል።

እንግዲህ ጥፋት ሲገኝ እንዴት ይመረመራል? ከሁሉ አስቀድሞ ጥፋቱ በፈቃድ እንዲደገም ማድረግ ያስፈልጋል፤ ያልተደገመ ጥፋት ድኗል ለማለት አይቻልምና። መርማሪው «ቴልኔት» በተባለው መሣሪያ እንደ ደንበኛ ሆኖ ወደ መስኮቱ ቀርቦ ጥያቄውን በእጁ ይጽፋል። ፕሮግራሙ የተቀበለውንና የመለሰውን ሁሉ ከነሰዓቱ በአንድ ፋይል እንዲጽፍ ያዝዘዋል። የቀድሞውን ቅጂ ሳይነካ አስቀምጦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጣል፤ ሦስት ነገር አንድ ላይ የለወጠ ሰው የቱ እንዳዳነው አያውቅም። ፐርል ፕሮግራሙን ሳያስኬድ ሰዋስዉን ብቻ የሚፈትሽበትና መስመር በመስመር እያስቆመ የሚያስመለክትበት መንገድም አለው። ፖርቱን መያዝ፣ ፋይሉን መክፈት፣ መልሱን መጻፍ፣ እነዚህ ሁሉ ሳይሳኩ ሊቀሩ ስለሚችሉ፣ ከእያንዳንዱ በኋላ መሳካቱ የሚጠየቅበትና ካልተሳካም ምክንያቱ የሚጻፍበት መስመር መኖሩን ያረጋግጣል። ዝም ብሎ የሚያልፍ ፕሮግራም፣ ጉድለቱን ከማይናገር ገንዘብ ያዥ ጋር አንድ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ ተቃውሞ የሚያቀርቡ አይጠፉም። አንዳንዶች «ፕሮግራሙ ዓመታት ሠርቶአል፤ የሚሠራን ነገር ለምን እንነካለን?» ይላሉ። መልሱ ከላይ በተነገረው ምሳሌ ውስጥ ይገኛል፤ ፕሮግራሙ ሳይለወጥ ሱቁ አዲስ ኮምፒዩተር በመግዛቱ ብቻ ጥፋቱ ተገልጧል። ሌሎች «የጻፈው ልጅ ታማኝ ነው፤ ምርመራ እርሱን መጠርጠር ይሆናል» ይላሉ። ነገር ግን የሒሳብ መርማሪ ሲመጣ የሚከፋው ሒሳብ ሹም ጥሩ ሒሳብ ሹም አይደለም። የአይ ቢ ኤም መሐንዲስ ማይክል ፌገን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፕሮግራም ወደ ሥራ ከመግባቱ በፊት በሌሎች ባለሙያዎች በሥርዓት መነበብ እንዳለበት አስረድቶአል፤ ከዚያም ወዲህ የሌላ ሰው ንባብ በታላላቅ ድርጅቶች የተለመደ ሆኖአል። ጸሐፊው አሳቡን ስለሚያውቅ የጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ያነባል፤ ሌላው ሰው ግን የተጻፈውን ያነባል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ ይህም በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ትንሽ ሱቅ ያለው ነጋዴ ለአርባ መስመር ፕሮግራም ሁለተኛ ባለሙያ ለብቻው መቅጠር ይከብደዋል። ነገር ግን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው፣ በአንድ የንግድ ዘርፍ ያሉ አባሎች በኅብረት አንድ መርማሪ ቢይዙ ወጪው ለእያንዳንዱ ቀላል ይሆናል። የንግድ ምክር ቤቱም እንዲህ ያለውን ኅብረት ቢያደራጅ ለአባሎቹ ከሚሰጣቸው አገልግሎቶች እንደ አንዱ ሊቈጠር ይችላል።

እስከዚያው ድረስ ግን እያንዳንዱ የንግድ ቤት ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። ፕሮግራሙን ማን መቼ እንደ ጻፈውና እንደ ለወጠው በራሱ በፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ። አንድ ቅጂ ከኮምፒዩተሩ ውጭ ይቀመጥ፤ ጸሐፊው ሥራውን የለቀቀ ቀን ዕውቀቱ አብሮት እንዳይሄድ ነው። ፕሮግራሙ ሥራውን ሲረከብ ከጸሐፊው ሌላ አንድ ሰው አንብቦ ይፈርምበት። ከሁሉም በላይ የጥፋት መዝገብ ይከፈት፤ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሱቅ፣ ምን ተጠይቆ ምን እንደ ተመለሰ ይጻፍበት። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ከሰጠ ወዲህ፣ ኮምፒዩተሩ የጻፈው ነገር በነጋዴው ላይ እንደ ማስረጃ ሊቀርብ እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

የመጨረሻው ነገር የፍርድ ጉዳይ ነው። ዕቃ ጎደለ፣ ዋጋ ተዛባ፣ ደንበኛ ተመለሰ በተባለ ጊዜ ባለቤቱ መጋዘን ጠባቂውን ጠርቶ ከመገሠጹ በፊት ፕሮግራሙን ያስመርምር። ከምርመራው በኋላ ሰውየው በደለኛ ሆኖ ቢገኝ ሕግ አለ። ነገር ግን ለብዙ ዓመታት በታማኝነት ያገለገለ ሠራተኛ በአንዲት በማይታይ ምልክት ምክንያት ስሙ ቢጠፋ፣ ከቆርቆሮው ዋጋ የሚበልጥ ኪሣራ ነው። ሚዛኑን የሚያስፈትሽ ነጋዴ ደንበኛውን ያከብራል፤ ፕሮግራሙን የሚያስመረምር ነጋዴም ከደንበኛው ጋር ሠራተኛውን ያከብራል።